ፈተናውን ልውደቅ ያለችኝ ግንበኛ

ስለ ትርንጎ ከመጻፌ በፊት የሚጽፈው ማን እንደሆነ አንባቢ ቢያውቅ ይበጃል። ስሜ ልየው ነው። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ “አያ ልየው” ካላችሁ ቤቴን የማያሳያችሁ የለም። ተማሪ ሆኜ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ የሁለት ትምህርት ቤት አጥር ግን የሠራሁት እኔ ነኝ። ፊደል የለየሁት ከስሚንቶ ከረጢት ላይ ነው። ምሳ ሰዓት ሌላው ሲጋደም እኔ ባዶውን ከረጢት ዘርግቼ የተጻፈበትን በከሰል እገለብጥ ነበር። የፕላን ንባብም ማንም አላስተማረኝም፤ አንድ መሐንዲስ የጣለውን ፕላን አንስቼ አንድ በጋ ሙሉ ስመረምረው ቆይቼ ገባኝ። በይጁቤ፣ በአምበርና በሉማሜ የቆሙ ግንቦቼን እያሳየሁ አገር ላስጎበኛችሁ እችላለሁ። ሰባን ካለፍኩ ቆይቷል፤ መሰላል ግን አሁንም እወጣለሁ። ከአንዱ በቀር የፈረሰ ግንብ የለኝም። ስለ እሱም ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ጉራም ከሆነ የሠራሁት ሥራ ይመሰክርልኛል።

ባለፈው ኅዳር ሉማሜ መንገድ ዳር የአንድ ነጋዴ ቤት እየሠራሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የትርንጎ ባል ጌትነት ነበር።

“አያ ልየው፣ ትርንጎ አረፈች” አለኝ። 

የግንበኛ ማንኪያዬን የቦካው ስሚንቶ ውስጥ እንደተሰካ ትቼ መኪና ልያዝ ወጣሁ። በሥራ ዘመኔ ማንኪያ ሳላጥብ የሄድኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ትርንጎን ያወቅኋት በእህል ምክንያት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ኑሮው ሲከብድ ለችግረኛ ቤተሰብ ስንዴ፣ ክክና ዘይት በየወሩ የሚሰጥ ፕሮግራም ወደ ከተማችን መጣ። በነጻ ግን አልነበረም። በቤቱ ውስጥ አቅም ያለው አዋቂ ካለ፣ ያ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን ለከተማው ይሠራል፣ ሁለት ቀን ሙያ ይማራል። የቀረ ሰው እህሉ ይቀነስበታል። ሙያውን ጨርሶ ፈተና ያለፈ ደግሞ ተመረቀ ይባልና ስሙ ከእህሉ ዝርዝር ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ በሙያው ይደር ማለት ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ሰው በላቡ ቢያድር እኔም ደስ ይለኛል።

ግንበኝነት የሚያስተምር ሰው ሲፈለግ ዲፕሎማ ያላቸው ሁለት ልጆች ከእኔ ጋር ቀረቡ። አስተባባሪው ደሳለኝ፣ ቀጭን ትሑት ወጣት ነው፣ ሦስታችንንም ድንጋይ ክምር ፊት አቁሞ “እስቲ አንድ አንድ የግንብ ማዕዘን አውጡልኝ” አለ። ልጆቹ ሜትር ሲዋዋሱ እኔ ጨርሼ እጄን እየታጠብኩ ነበር። አሠልጣኝ የሆንኩት እንዲህ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሃያ ስምንት ሰው መጣ፤ አሥራ አንዱ ሴቶች ናቸው። እንደ ልማዳችን ከፈልኳቸው። “ወንዶች ወዲህ፣ ማንኪያና ሲባጎ ያዙ። ሴቶች ወዲያ፣ ድንጋይና ውሃ አቅርቡ።” በእኛ አገር ሴት ግንባታ ላይ ትሸከማለች፣ ታቦካለች፤ ግንብ ላይ ግን አትወጣም። ማን እንደደነገገው አላውቅም፤ እኔ ወደ ሙያው ስገባም እንዲሁ ነበር።

ሴቶቹ ሄዱ። አንዷ ቀረች። ጠይም ናት፣ ረዘም ያለች፣ ዕድሜዋ ከአርባ ብዙም ያልራቀ፣ መቀነቷን አጥብቃ የታጠቀች።

“አንቺ፣ አልሰማሽም?” አልኳት።

“ሰምቻለሁ፣ አያ ልየው።”

“ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?”

“ስመዘገብ ግንበኝነት ነው ያሉኝ። ሸክም የሚባል ትምህርት ካለ ወረቀቱን ያሳዩኝና ልሂድ። እሱንማ ማንም ሳያስተምረኝ ነው የማውቀው።”

ሰው ሳቀ። እኔም ላሳፍራት ብዬ ማንኪያዬን ሰጠኋት። “እንግዲያው ነይ ገንቢ!”

ማንኪያውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከክምሩ አንድ ድንጋይ አንስታ ጉልበቷ ላይ ሦስት ጊዜ አገላበጠችው፣ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አደረገችው፣ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ “ፊትህ የት ነው አንተ?” አለችው። ከዚያ አስቀመጠችው። ሁለተኛውንም እንደዚሁ። ያለ ስሚንቶና ያለ ሲባጎ ጉልበት የሚደርስ ካብ አቆመች። ሄጄ በእግሬ ገፋሁት። ፍንክች አላለም።

“የት ተማርሽው?”

“እርከን ላይ። ገጠር ሳለን በየበጋው ለተፋሰስ ሥራ ስንወጣ ወንዱ ሲያወራ እኛ እንክብ ነበር።”

“ካብ ሌላ፣ ግንብ ሌላ” አልኳት።

“እሱን ሊያስተምሩኝ አይደል የተቀጠሩት?” አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ትርንጎ ግንብ ላይ ነበረች። ሌሎቹም ሴቶች አንድ በአንድ ተከትለዋት ወጡ፤ እኔም አልከለከልኩም።

ኑሮዋን ያወቅሁት ቀስ በቀስ ነው። ከአምበር ወዲያ ካለ ቀበሌ ነው የመጡት። ባሏ ጌትነት ክዳን ሠሪ ነበር። ከጣሪያ ወድቆ ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ በምርኩዝ ከመደብ እስከ ደጃፍ ነው መንገዱ። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፣ ተማሪ ናት። የሦስቱም ጉሮሮ ያረፈው በዚያ ስንዴ ላይ ነበር።

ትርንጎ ስትሠራ አትቸኩልም። ደሳለኝ መጥቶ “እናቶች፣ ፈጠን ፈጠን” ሲል “ድንጋዩ ወዴት እንዳይሄድብህ ነው ልጄ?” ትለዋለች። አልገጥም ያላትን ድንጋይ “ይሄስ ከጌትነትም ይብሳል” ትለዋለች። ሲገጥምላት ደግሞ መዳፏን ላዩ ላይ ታሳርፍና ለአፍታ ትቆያለች፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚነካ ሰው። ምሳዋን ሁልጊዜ ግማሹን በልታ ግማሹን በጨርቅ ትጠቀልለዋለች። “ጨርሺው እንጂ” ስላት “ጠገብኩ፣ አያ ልየው” ትለኝ ነበር። የምትወስደው ለልጇ እንደነበር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ስለ ግንብ ምንም አያመልጠኝም፤ ስለ ሰው ግን ዘግይቶ ይገባኛል።

የማልረሳው አንድ ቀን አለ። እናቷ አምበር አርፈው ቀበረች። በማግስቱ ጠዋት ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷ እንዳበጠ፣ ሥራ ቦታ ቆማ አገኘኋት። በአገራችን እናቱን ቀብሮ ለሣልስት እንኳ ያልተቀመጠ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ሴቶቹ ተንሾካሾኩ። ከመካከላቸው አንዷ በግልጽ “ምነው ትርንጎ፣ ለእናትሽ?” አለቻት።

“ለቀብሩ ሁለት ቀን ቀርቻለሁ። ሌላ ከቀረሁ ስንዴው ይቀነሳል” አለች ትርንጎ። “እሷም ብትኖር ሂጂ ነበር የምትለኝ።”

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በድንጋዩ ክምር ዙሪያ ተቀምጠው አለቀሱላት። ያቺ የወቀሰቻት ከሁሉ በላይ አለቀሰች። ሲጨርሱ ተነሥተው ሥራቸውን ቀጠሉ። “ሂጂ፣ ቤትሽ ተቀመጪ፣ መጥታለች እላለሁ” ልላት እችል ነበር። የመጣውንና የቀረውን የምናገር እኔ ነበርኩ። ግን ደንብ ነው ብዬ አላልኳትም።

አሁን ወደዚያ ወደ ፈረሰው ግንብ ልምጣ። ከከተማው በታች ያለው ጅረት በክረምት መንገዱን እየበላ ስላስቸገረ፣ ደጋፊ ግንብ እንድንሠራ ታዘዝን። የግንቡን ቀጥ ማለት የሚለካውን ቱምቢ የጣልኩት እኔ፣ መስመሩን የዘረጋሁት እኔ። በሦስት ቀን ወገብ አሳለፍነው። በአራተኛው ቀን ትርንጎ ከጅረቱ ማዶ ቆማ አንድ ዓይኗን ጨፍና ስትመለከት አየኋት።

“ምን ታያለሽ እዚያ ተገትረሽ?”

“አይቆጡኝ እንጂ፣ አያ ልየው፣ ቱምቢዎ ጠጥቶ የመጣ መሰለኝ።”

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ደሜ ፈላ። “ትናንት ማንኪያ ጨብጠሽ ዛሬ ልየውን ልታርሚ!” እያልኩ ልሰድባት ጅረቱን ተሻገርኩ። አጠገቧ ቆሜ ዞር ብዬ አየሁት። ግንቡ ወደ ውሃው ሆዱን ነፍቷል። ለካ የቱምቢው ክር ወጣ ካለች አንዲት ድንጋይ ጋር ተጠግቶ ኖሯል፤ እሱን ሳላይ ነው የገነባሁት። የጀማሪ ስሕተት ነው። ማዶ ሃያ ሰባት ሰው ምን እንደምል ይጠብቃል።

ትርንጎ ፊቴን አየችው። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ “አያ ልየው ይፍረስ ብለዋል! መሬቱ ሰምጦባቸዋል! እኔው ነኝ የተሳሳትኩት፣ ቱምቢውስ ደኅና ነው!” አለች።

መሬቱ አልሰመጠም ነበር። እሷም አልተሳሳተችም። ክብሬን በትንሽ ውሸት አዳነችልኝና ወርዳ ድንጋይ ማንሳት ጀመረች። ይህን ለሰው ስናገር ዛሬ ገና ነው። ከዚያ በኋላ የማውቀውን ሁሉ አስተማርኳት፤ ለገዛ ልጆቼ ያላሳየሁትን የማዕዘን አጣጣል ሳይቀር።

የፈተናው ሳምንት ሚያዝያ ውስጥ ዋለ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሳለሁ መጥታ ፊቴ ቆመች።

“አንድ ነገር ልለምንዎ፣ አያ ልየው።”

“ለምኚ።”

“ፈተናውን ልውደቅ። ይጣሉኝ።”

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። “ምን አልሽ?”

“አልበቃችም ይበሉኝ። ፈታኙ ያለ እርስዎ ፊርማ አይጨርስም ብለውናል።”

“አንቺ ሴት፣ አብደሻል? ከሃያ ስምንቱ አንደኛ እኮ ነሽ!”

“አንደኛ ሆኜ ካለፍኩ ስንዴው ይቆማል። ከወደቅኩ ዓመቱን እደግማለሁ፣ እህሉም ይቀጥላል። አንድ ዓመት ባገኝ ልጄ ስምንተኛን ትጨርሳለች፣ ጌትነትም ምናልባት...” ሳትጨርሰው ተወችው።

“ሙያ ይዘሽ ስንዴ ትለምኛለሽ? ግንበኛ ነሽ!”

“ግንበኛ የሆንኩት ለእርስዎ ነው። ለሌላው ሴት ነኝ። ሦስት ቦታ ሄጄ ሥራ ጠይቄያለሁ። ሁለቱ ሳቁብኝ። አንዱ ውሃ የምትቀጂ ከሆነ ነይ አለኝ።”

“እኔ እናገርልሻለሁ። ልየው ያስተማራት ናት ካልኩ ማን እምቢ ይላል?”

መሬት መሬት እያየች “ትንሽ ይዋሹልኝ፣ አያ ልየው” አለች። “አንዴ ብቻ።”

“የልየው ተማሪ አይወድቅም” አልኳት። ያን ጊዜ ትልቅ ንግግር መስሎኝ ነበር።

ፈታኙ ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ወገብ የሚደርስ ማዕዘን እንዲያወጣ ቦታ ሰጠ። ትርንጎን ከሩቅ አያታለሁ። ድንጋዩን አታገላብጠውም፣ አታንኳኳውም፤ እጇ የገባውን እያነሳች ትጭናለች። ስትጨርስ ማዕዘኑ ዘመም ብሎ ቆሟል፤ ግንብ የማያውቅ መንገደኛ እንኳ ያየዋል። ፈታኙ ቱምቢ ጣለበት፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ እኔም ዞሮ “አባት፣ ይህቺ የበቃች አልመሰለኝም። እርስዎ ምን ይላሉ?” አለኝ።

የሚጠበቅብኝ አንድ ቃል ነበር። በዚያው ፕሮግራም የእንጨት ሥራ የሚያስተምረው አሠልጣኝ ግን ከጎኔ ቆሞ “አያ ልየው፣ ያቺ ሲኩራሩባት የከረሙት ይህቺ ናት?” ብሎ ሳቅ አለ።

“ትርንጎ!” ብዬ ጮህኩ። “ይህን ልየው አስተማረኝ ልትዪ ነው? የማን ሥራ ነው ይሄ?” ፈታኙንም “አንድ ዕድል ይሰጣት፣ የእሷ እጅ እንዲህ አይደለም” አልኩት። እሱም ፈቀደ።

ቀና ብላ አየችኝ። ያ አስተያየት ቁጣ አልነበረበትም። ከዚያ የሠራችውን ማዕዘን ራሷ ዞራ አየችው፣ ብዙ ቆየች። አፈረሰችው። አንድ ድንጋይ አንስታ ጉልበቷ ላይ አገላበጠች። ኳ ኳ አደረገችው።

ስትጨርስ የቱምቢው ክር ከላይ እስከ ታች ከድንጋዩ ጋር ጸጉር ታህል ሳይለያይ ወረደ። ፈታኙ አጨበጨበ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔ ከሁሉ በላይ። ሰርተፍኬቱን በሁለት እጇ ተቀብላ በአጠገቤ ስታልፍ “እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ልየው” አለችኝ። ምስጋና መስሎኝ “ምንም አይደል” አልኳት።

በሚቀጥለው ወር ስሟ ከዝርዝሩ ወጣ።

ቃሌን አልረሳሁም። አራት ኮንትራክተሮች ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ሰርተፍኬቷን ከፌስታል እያወጣች ታሳያለች፣ አገላብጠው ይመልሱላታል። አንዱማ “አያ ልየው፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ሴት ግንብ ላይ ከወጣች ሠራተኛው ሥራውን ይሠራል ወይስ እሷን ያያል?” አለኝ። ተሳደብኩ፣ ተከራከርኩ፣ ሥራዬን ቆጠርኩለት። አልሆነም።

የሚቀጥለውን መጻፍ ይከብደኛል። ግንቦት ውስጥ ክረምቱ ሳይገባ እኔ ራሴ የአንድ ሰው ቤት መሠረት ይዤ ነበር፤ ግንበኛም ያስፈልገኝ ነበር። ባለቤቱ ሴት አልፈልግም አላለኝም። አልጠየቅኩትማ። ይሳቅብኛል ብዬ ፈራሁና ወንድ ቀጠርኩ። ትርንጎ መጥታ ስትጠይቀኝ “ከመስቀል በኋላ ትልቅ ሥራ አለኝ፣ እስከዚያ ጠብቂ” አልኳት።

“እስከዚያ ከበላን እሺ” አለች እየሳቀች።

ክረምቱን በልብስ አጠባ ገፋችው። መስቀል ሲያልፍ ትልቁ ሥራ ዘገየብኝ። እሷም ለአረምና ለአጨዳ ሠራተኛ ይፈለጋል ሲባል ሰምታ ወደ ዓባይ በረሃ ወረደች። የደጋ ሰው ገላ ወባ አይችልም። ኅዳር እንደገባ ትኩሳት ይዟት ተመለሰች። ለሁለት ቀን “ድካም ነው” ብላ ተኛች፤ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ዘግይቷል።

ከሉማሜ ለቀብሩ ደረስኩ። ከቀብር መልስ ቤቷ ገባሁ። ሰርተፍኬቱ በላስቲክ ተሸፍኖ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ተሰቅሏል። ጌትነት መደቡ ላይ ነበር። ከሰርተፍኬቱ ፊት ቆሜ ቀረሁ። 

“ከፈተናው ስትመለስ ‘ልትወድቂ አልነበር ወይ?’ አልኳት” አለኝ ጌትነት። “‘አጣምሜ ሠርቼው ነበር። አያ ልየው ሲጮኹ ዞሬ አየሁትና አፈርኩ። እንደዚያ ትቼው መምጣት አቃተኝ’ አለችኝ።”

“ተቀይማኝ ነበር?”

“እርስዎን? ምን ቆርጧት። የተቆጣችው ግንቡን ነው።” ምርኩዙን በሁለት እጁ ጨበጠው። “እኔ ግን ተቀይሜዎታለሁ፣ አያ ልየው። ቢሆንም ይቀመጡ። እርስዎን አቁሜ ብታየኝ አትወድም ነበር።”

ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ እስኪወጣ ተቀምጬ ቆየሁ።

ሰው ሥራው ይናገርለት ባይ ነኝና፣ ከዚያ ወዲህ ማድረግ የቻልኩትን እዘረዝራለሁ።

መቃብሯን በጥርብ ድንጋይ በገዛ እጄ ሠርቻለሁ። ማንም ድንጋይ እንዲያቀብለኝ አልፈቀድኩም።

የጌትነትና የሴት ልጁ ስም መሥራት ከማይችሉት ወገን ተጽፎ እህሉ እንዲመለስላቸው አድርጌያለሁ። ለዚህ ደሳለኝ ቢሮ ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሻለሁ። በዘጠነኛው “አባባ፣ በቃ ይቀመጡ፣ እርስዎ ሳይነሡ እጨርሰዋለሁ” አለኝ፤ ጨረሰውም።

ልጅቷ ትምህርቷን አላቋረጠችም። ደብተሯን እኔ አያለሁ።

ያለፈ ሰው ሥራ እስኪያገኝ እህሉ አይቋረጥበት የሚል አራት ገጽ ማመልከቻ ያለ ማንም እርዳታ ጽፌ አስገብቻለሁ። መልሱ አልመጣም፤ ግን ገቢ ተደርጓል።

በሉማሜው ቤት ሁለት ሴቶች ግንብ ላይ አውጥቻለሁ። ባለቤቱ ሲስቅ “ሳቅህን ጨርስና ቱምቢ ጣልበት” አልኩት። ጣለበት። ከዚያ ወዲያ አልሳቀም።

በዘንድሮው ፈተና፣ ሁለት ሕፃናት ያሏት አንዲት ተማሪዬ ማዕዘኗን አጣምማ ሠራችው። እጇን ስለማውቀው ለምን እንዳጣመመችው ገባኝ። የእንጨት ሥራው አሠልጣኝ ከጎኔ ነበር፣ ሰውም ሁሉ ያያል። ፈታኙ “አባት፣ የእርስዎ ተማሪ ናት?” አለኝ። “አዎ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት” አልኩ። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብዬ “አልበቃችም” ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩና ፈረምኩ።